ቀለም የተቀባው ቀንበር

አብዱልሃሚድ ኑሪን ቁጭ ብሎ ያየ የሐዋሳ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ ሻዩን እየተንጎራደደ ይጠጣል፣ ፀጉሩን ሲስተካከል እንኳ ሦስት ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ በደጅ ያለፈው ሞተር የማን እንደሆነ ያያል። ባለቤቱ ሙንተሃ «እኔን ያገባኝ ሰውዬው አይደለም፣ ጥላው ነው፤ እሱማ ሁልጊዜ ወጥቷል» ትል ነበር። ጎረቤት ይስቃል። እሷ ግን ስትናገረው አትስቅም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የቀረበ ምግብ ሲቀዘቅዝ ማየት አያስቅም።

ጋራዡ ከፒያሳ ወደ ባህል አዳራሽ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ጊዜው ዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። ኢሕአዴግ ከገባ አሥር ዓመት ሞልቶታል፣ ከተማዋ የክልል መቀመጫ ሆና ቢሮ በቢሮ ላይ ይሠራባታል። ባጃጅ ገና አልመጣም፣ ስልክ በኪስ ይዞ መዞርም ገና ወሬው ብቻ ነው የደረሰው። ሰዉ በብስክሌት ይሄዳል። ሞተር ያለው ጥቂት ነው፤ እሱም ወይ ከሚሲዮን የተረፈ ነው፣ ወይ በጨረታ የወጣ ነው፣ ወይ ማን እንዳመጣው የማይታወቅ ነው። ሁሉም አሮጌ፣ ሁሉም የአብዱልሃሚድ ደንበኛ።

«ሰው ሁሉ የሞተር በሽታ ከሆዱ ይመስለዋል፤ የሚገድለው ግን ፊቱ ነው» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተርን የፊት ጎማ ግራና ቀኝ አቅፈው የሚይዙ ሁለት እግሮች አሉ። ውስጣቸው ሞላና ዘይት አለ፤ ጉድጓድ ሲመጣ ይሰበሰባሉ፣ ሲያልፍ ይዘረጋሉ። እነዚህን ሁለት እግሮች ከጎማው በላይ አገናኝቶ የሚያስራቸው አንድ ስንዝር የማይሞላ ቅስት አለ፣ በአራት ቡሎን የሚታሰር። በመጽሐፍ ስሙ ምን እንደሆነ እኔ እንጃ፣ በእነአብዱልሃሚድ ጋራዥ ግን ቀንበር ይባላል። ሥራውም የቀንበር ነው፤ አንዱ እግር ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ብቻውን እንዳይሄድ ያደርጋል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ ቀንበሩ ከአሉሚኒየም የተሠራና ስስ ነው፤ ደካማ ቦታው ደግሞ የቡሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ። ከቀዳዳው ፀጉር የምታህል መስመር ትነሣለች። ቀስ እያለች ወደ ጠርዙ ትሄዳለች፣ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ትደርሳለች። ያን ጊዜ ሁለቱ እግሮች በየፊናቸው ይሄዳሉ፣ ስባሪው ጎማው ላይ ይወድቃል፣ ጎማው ቀጥ ይላል፣ ሰውየው ከሞተሩ ቀድሞ መሬት ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ያስተማሩት ጋሼ ገብረጻድቅ ናቸው። አብዱልሃሚድ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከስልጤ መጥቶ ደጃቸው ላይ ሲቆም በከተማዋ ሞተር የሚያክም ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዝግ ያሉ፣ ቡሎንን እንደ ሕፃን የሚያባብሉ ሰው። ይህን ቅልብልብ ልጅ እንዴት እንደቻሉት እስከ ዛሬ የሚገርመው አለ። ሁሉን ይተዉለታል፤ አንድ ነገር ብቻ አይተዉለትም። ቀንበር ሲገጠም አራቱ ቡሎኖች መጀመሪያ ላላ ተደርገው ይገባሉ። ከዚያ ሞተሩ መሬት ይወርዳል፣ የፊት ፍሬን ይያዛል፣ አፍንጫውን ወደ ታች እየተጫኑ ይለቁታል። ሁለቱ እግሮች ያን ጊዜ የየራሳቸውን ቦታ ያገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠበቀው። እንዲያ ካልተደረገ ቀንበሩ ሁለቱን በግድ እየጎተተ ይኖራል። «ብረት በግድ ይታጠፍልሃል። አሉሚኒየም ግን ኩርፊያውን ይዞ ቀን ይጠብቅሃል» ይሉ ነበር ጋሼ። መጫኑን «ማሰገድ» ብለው ሰየሙት። ሳይሰግድ አይጠበቅም።

«ሰገደ ጋሼ» ይላል አብዱልሃሚድ ቡሎን መፍቻውን እንደ ጨበጠ።

«ስንቴ?»

«አምስቴ።»

«እሱ የአንተ ነው። የእኔ አርባ አንድ ነው፣ ድገምለት።»

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህችኑ ቀልድ ተቀላለዱ። አብዱልሃሚድ የራሱን ጋራዥ ከከፈተ በኋላም ሽማግሌው በከዘራቸው እየተደገፉ ብቅ ይሉና ከበሩ ላይ «ስንቴ?» ብለው ይጠይቁታል።

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ጊዜ ብቻ መትተውታል። ገና አዲስ ሳለ ነው። ከጋሼ የመሣሪያ ሣጥን ግርጌ አንድ የተሰበረ ቀንበር አገኘ፣ ብርማ ቀለም የተቀባ፣ ለምንም የማይረባ። ጠዋት ቁራሌው ሲጣራ ሰማና ሣጥን አጸዳሁ ብሎ ሊሰጠው ይዞት ወጣ። ጋሼ ከኋላው ደርሰው ከእጁ ነጠቁትና በጥፊ አሉት። ከዚያ ቀንበሩን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቦታው መለሱት። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። እሱም አልጠየቀም፤ ጉንጩ ያለው በቂ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያች ሐሙስ ልምጣ።

የግብርና ቢሮው ፊልሞን ሞተሩን ከጋራዡ ካስገባ ሳምንት ሆኖታል። ሞተሩ የጀርመን ሥሪት ነው፤ ወንጌላዊ አባቱ ከሚሲዮኖቹ በስጦታ ያገኙት፣ እሱ ደግሞ ከአባቱ የወረሰው። «በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፣ አንቱ ነው የምላት» ይላል። ቀንበሩ ተሰንጥቆ ነበር። አዲስ የሚባል ነገር የለም፤ አብዱልሃሚድ ከውድቅ ክምሩ ውስጥ ከዚያው ፋብሪካ የወጣች የእህቷን ሞተር ቀንበር ፈልቅቆ አወጣ። ቀዳዳው በክብሪት እንጨት ውፍረት አልገጠመም። በሞረድ አሰፋው። እንደ ጨረሰም ከቀዳዳው አጠገብ አንዲት ቀጭን መስመር አየ። «የሞረዱ ጭረት ነው» አለ ለራሱ፣ ወደ ሌላው ሥራ ዞረ። ፊልሞን ዓርብ ጠዋት ይወስዳታል፤ ልጁ ሩሀማ ይርጋለም የነርስ ትምህርት አግኝታለች፣ ምዝገባው ዓርብ ነው የሚያበቃው፣ ከነሣጥኗ ከኋላው አስቀምጦ ሊያደርሳት ነው።

አራት ሰዓት ላይ ቀንበሩን አስገብቶ፣ ቡሎኖቹን ላላ አድርጎ፣ ጎማው ገና ከመሬት ከፍ እንዳለ የእድሩ ለፋፊ ዋሲሁን በብስክሌቱ ደረሰ። አልወረደም። አንድ እግሩን መሬት አስደግፎ አየው።

«ምነው?» አለ አብዱልሃሚድ።

«ጋሼ ገብረጻድቅ» አለ ዋሲሁን። «አሁን፣ በተቀመጡበት። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ድንኳን ይተከላል፣ አንተ ነህ የምትጠበቀው።»

የአብዱልሃሚድ ሐዘን እጁ ላይ ወረደ። ሌላ ሰው ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፤ እሱ ሥራ ጨረሰ። አራቱን ቡሎኖች አንድ በአንድ ባለ በሌለ ኃይሉ አጠበቃቸው። ቀንበሩን ብርማ ቀለም ቀባው፤ የሐዋሳ ደንበኛ የተነካካ ነገር ማየት አይወድምና። ሞተሩን አወረደ፣ በሩን ዘጋ፣ ሮጠ። አላሰገደም። ግማሽ መንገድ ላይ ትዝ አለው። «ነገ ጠዋት ቀደም ብዬ ፈትቼ አሰግደዋለሁ» አለና መሮጡን ቀጠለ።

ሰው ያስባል። ዓርብ ጠዋት ከንጋት ጀምሮ ከድንኳኑ መውጫ አጣ። ጋሼ ልጅ አልነበራቸውም፤ እንግዳ የሚቀበለው፣ አግዳሚ የሚያስተካክለው፣ የሩቅ ዘመድ ሲደርስ ደግፎ የሚያስገባው እሱ ነው። ሙስሊም ነው ክርስቲያን ነው ያለ የለም፤ ሰፈሩ «የገብረጻድቅ አብዱ» ብሎ ነው የሚያውቀው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ፊልሞን ሩሀማን አስከትሎ ሊያስተዛዝን መጣ። ሰዓቱ ሳይደርስ መጣ። እትዬ ሙሉጌጥን፣ የሟቹን ባለቤት፣ እጅ ነሣና ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹ «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ዝም ሲሉም ተነሥቶ ቆመ።

«አታልቅሱ ለማለት አልደፍርም» አለ። «ግን ጋሼ ገብረጻድቅ አልሞቱም እላለሁ። እጃቸው ይኸው ቆሟል። ትናንት በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆኖ እንኳ የእኔን ሞተር ጨርሶ ነው የመጣው። ዛሬ ልጄን ከኋላ አስቀምጬ የምሄደው በእሱ ተማምኜ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። እትዬ ሙሉጌጥ አብዱልሃሚድን በእርጥብ ዓይናቸው አዩት።

አፉ ላይ ነበር። «ፊልሞን፣ ትንሽ ቆየኝ፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል» ማለት ብቻ ነው። ግን ምን ቀረህ ቢባል? በጋሼ ድንኳን፣ በጋሼ ሰዎች ፊት፣ ገና አፈራቸው ሳይደርቅ፣ እሳቸው አጥብቀው ያስተማሩኝን አንዱን ነገር ዘለልኩት ሊል ነው? ይሉኝታ ያዘው። ይሉኝታ ክፉ ነው፤ ሌባ በር ሰብሮ ይገባል፣ ይሉኝታ ግን ወንበር ተስቦለት ነው የሚቀመጠው። አብዱልሃሚድ ከኪሱ የጋራዡን ቁልፍ አወጣና ዋሲሁን እንዲከፍትላቸው ሰጠው። «በሰላም ግቡ» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፣ በሞኖፖል ሰፈር በኩል ወደ ደቡብ ራቀና ጠፋ።

እነሆ መቆም አቃተው፣ መቀመጥማ ድሮም የለ። ውሃ ያቀርባል፣ ያልጎደለውን ብርጭቆ ይሞላል፣ የድንኳኑን ገመድ ያጠብቃል፣ ላልቷል ብሎ መልሶ ያጠብቃል። ራሱን ያጽናናል፤ ሳይሰግድ የተጠበቀ ሁሉ ይሰበራል እንዴ? ስንቱ በዘልማድ ተጠብቆ ይሄድ የለ። አንድ ወር ይቆያል፣ ሲመለስ አስተካክልለታለሁ። ልቡ ግን አልገዛውም። ያቺ መስመር ዓይኑ ላይ ትመጣበታለች።

ከጎኑ አንድ ሽማግሌ ስለ ሟቹ እያነሡ ይጥላሉ። «ቀንበር ሲገጥም እንደ ቄስ ነበር» አሉ።

«ሳይሰግድ አይጠበቅም ይል ነበር» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ ከተቀመጡበት ፍራሽ ላይ፣ ቀስ ብለው። «በሕልሙ እንኳ ይለው ነበር።»

ያን ጊዜ መስመሯን ዳግመኛ አያት። ሞረድ ቀዳዳ ሲያሰፋ ጭረቱ ዙሪያውን ነው የሚዞረው። ያቺ መስመር ግን አልዞረችም። ከቀዳዳው ተነሥታ ቀጥ ብላ ወደ ጠርዙ ነበር የምትሄደው። የሞረድ ጭረት አልነበረችም። የተሰነጠቀ ቀንበር ገጥሟል፣ በግድ አጥብቆታል፣ ቀለም ቀብቶም ሸፍኖታል፤ በላዩ ላይ አባትና ልጅ ተቀምጠው ከይርጋለም በፊት ወዳለው የአፖስቶ ቁልቁለት እየሄዱ ነው።

ፈራ። በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

የያዘውን ጆግ መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ። «ወዴት ነው?» አለ አንዱ።  «የልጅ ነገር! ሰው ድንኳን ውስጥ ጥሎ» ሲሉ በጆሮው ሰምቷል። የዋሲሁን ብስክሌት ከአጥሩ ተደግፏል፤ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ወሰደው። መናኸሪያ ሲደርስ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ወደ ይርጋለም የሚሄደው ሚኒባስ ሦስት ሰው ጎድሎታል። ገባ፣ ወረደ፣ ተመልሶ ገባ፣ ረዳቱን ለመነ፣ ደግሞ ወረደ።

«ሰውዬ» አለ ሾፌሩ በመስኮት፣ «አንተ አንድ ቦታ ብትረጋ ሁለት ብቻ ነበር የሚጎድለኝ።»

ትቶት ወደ ዋናው መንገድ ሮጠ። ባዶ የለስላሳ ሣጥን የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ መሀል መንገድ ቆመበት። የአይሱዙው ሾፌር ግዛቸው ይባላል፤ ጥርሱን በመፋቂያ የሚያሽ፣ ነገር የማይገርመው ሰው። እግዜር ይስጠው፣ ለምን አላለም፤ በር ከፈተለት።

የሚይዘው ቢያጣ አብዱልሃሚድ የመኪናውን ዳሽቦርድ ጨበጠ። ዓይኑ ከመንገዱ ግራና ቀኝ አልተነሣም፤ ቦዩን፣ እንሰቱን፣ የቁልቋሉን አጥር ያያል። የሚፈልገው የወደቀ ነገር ነው፣ እንዳያገኘውም ይጸልያል። ቱላ መግቢያ ላይ ሰው ተሰብስቦ አየ። ከመንገዱ ዳር ክብ ሠርቶ፣ ወደ መሬት አጎንብሶ። 

«ያዝ፣ ያዝ፣ አቁምልኝ!» አለ። መኪናው ሳይቆም በሩን ከፍቶ ነበር።

ጋሪ ተገልብጦ ቲማቲም እየለቀሙ ነው። ጋሪ ነጂው ፈረሱን ይሳደባል፣ ፈረሱ ሣር ይግጣል። አብዱልሃሚድ ወደ መኪናው ተመልሶ ገባ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለ ግዛቸው መሪውን እያዞረ፣ ስለ ጋሪው ነው ያወራው።

«መልቀም ከቻለማ ደግ» አለ አብዱልሃሚድ።

ያን ጊዜ ነገሩን ሁሉ ነገረው። የማያውቀው ሰው ነውና ቀለለው። ግዛቸው መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ሰማው፤ ሲጨርስ ነዳጁን ረገጠው። ሞሮቾ ላይ አናናስ የምትሸጥ ሴት ዘንድ አቆሙ። በሲዳምኛ «ኬሬ» ብለው ሰላም ተባብለው ግዛቸው ጠየቃት። «አባትና ልጅ? ከኋላ ሣጥን የያዘች? አልፈዋል። ሽማግሌ ሞተር ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው» አለች።

ቀስ ማለቷ ነው ያተረፋቸው፤ ይህን ኋላ ነው የሰማነው።

የአፖስቶው ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ቆመው አገኛቸው። ፊልሞን ሞተሩን አብርዶ ጨርሶ አንድ እግሩን ማስነሻው ላይ አድርጓል። ሩሀማ ሣጥኗን በገመድ አስራ ነጠላዋን አገጯ ሥር እየቋጠረች ነው። አይሱዙው አልፏቸው ሄዶ ቆመ፤ አብዱልሃሚድ ዘሎ ወርዶ እየሮጠ ተመለሰ። የገበያ ሰዎች የሚሮጠውን ሰው ለማየት ቆሙ።

«አብዱ?» አለ ፊልሞን። ደስ አለው፣ ከዚያ ደነገጠ። «ምን ሆነህ ነው? ድንኳኑን ማን ላይ ጥለህ?»

«ዘይቱን...» አለ አብዱልሃሚድ እያለከለከ፤ «ዘይቱን አየት ላድርግ ብዬ...»

ውሸቱ በአፉ ውስጥ መረረው። አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ዘይት ለማየት የሚሮጥ መካኒክ የለም። ሰዉ እየተጠጋ ነው። ሩሀማን አያት፤ ከሐዋሳ የተነሣችበትን አዲስ ጫማዋን፣ የተወለወለ ሣጥኗን። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው።

«ውረዱ» አለ። «ዘይት አይደለም። ተሳስቻለሁ። የተሰነጠቀ ቀንበር ነው የገጠምኩልህ፣ ሳላሰግደው። አውቄ ቀለም ቀባሁት ማለት ይቻላል። ጠዋት ልነግርህ ይገባኝ ነበር፣ ሰዎቹ ፊት አፍሬ ነው።»

በርከክ ብሎ ግዛቸው ባቀበለው ቡሎን መፍቻ ጫፍ ቀለሙን ፋቀው። ብርማው ቀለም እየተላጠ ረገፈ። መስመሯ እዚያው ነበረች፤ ጥፍር የምታስገባ ሆናለች። አንዱን ቡሎን ግማሽ ዙር እንዳላላው ቀንበሩ ቀጭ አለና የቀኝ በኩሉ ስባሪ መዳፉ ላይ ወደቀ።

 ፊልሞን ስባሪውን አየው፣ ከፊቱ የተዘረጋውን ቁልቁለት አየው፣ ልጁን አየ። ከዚያ ያለው ነገር አብዱልሃሚድ የጠበቀው አይደለም።

«ከሞኖፖል ጀምሮ ወደ ግራ ይስበኝ ነበር» አለ በዝግታ። «ቱላ ላይ ልመለስ ብዬ ቆሜ ነበር። ደግሞ ሐዘንተኛ ሰው ነው፣ በለቅሶ ድንኳን ሥራህ ተበላሽቷል ብዬ ልግባ? ምን ይሉኛል? አልኩና ተውኩት። ቀስ ብዬ እሄዳለሁ አልኩ።»

ሩሀማ ነጠላዋን ፈታች። «እኔም እግሬ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር ጋሽ አብዱ» አለች። «አባባ እዚያ ድንኳን እንደዚያ ሲያመሰግንዎት ሰምቼ ምን ልበል?»

አብዱልሃሚድ ኑሪ በዚያን ጊዜ ቁጭ አለ። አስፋልቱ ዳር፣ አቧራው ላይ፣ እግሩን ዘርግቶ። ሦስት ሰው አውቆ ሦስቱም ዝም ብሏል። ስባሪውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ለጋሼ ያላለቀሰውንም አብሮ አለቀሰው መሰለኝ።

ፊልሞን አጠገቡ ቁጢጥ አለ። «ቢሯችን ግምገማ ሲጠራ» አለ፣ «ያላጠፋውን ሲናዘዝ የሚያመሽ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ያጠፋውን ለመናዘዝ በአይሱዙ አሳድዶ የመጣ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።» ልጁን በግዛቸው መኪና ይዟት ሄደ፤ ምዝገባው ሳይዘጋም ደረሱ። አብዱልሃሚድ ጁምዓውን በመንገድ አሳልፎ፣ ሞተሩን ወደ ሐዋሳ በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ አስጭኖ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ድንኳኑ ደጅ ደረሰ።

ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አጥቁረው ጠበቁት። ዋሲሁን ብስክሌቱን ከመናኸሪያ ሲፈልግ ውሏል፣ እሱም አኩርፏል። አብዱልሃሚድ ከድንኳኑ መሀል ቆሞ የሆነውን ሁሉ ተናገረ፤ መስመሯን፣ ቀለሙን፣ ጠዋት ቁልፉን ሲሰጥ ያላለውን። ድምፁ አልተቆራረጠም። «ሳላሰግድ አጠበቅሁት። እሳቸው በሞቱበት ሰዓት» አለ። ከዚያ ስባሪውን እትዬ ሙሉጌጥ እጅ ላይ አኖረው፤ ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

አሮጊቷ ስባሪውን እያገላበጡ፣ የተላጠውን ቀለም በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ የመሣሪያ ሣጥኑ ከጓዳ እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ከግርጌው በጨርቅ የተጠቀለለውን አወጡና ፈቱት። ያው ቀንበር ነበር፣ ብርማ ቀለም የተቀባው፣ ቁራሌው ሊወስደው የነበረው።

«ይሄ የደምሴ ነው» አሉ። «የገብረጻድቅ ታናሽ ወንድም። አንተ ሳትመጣ በፊት። ገብረጻድቅ ቸኩሎ ነበር፣ ሳያሰግድ አጥብቆ፣ ስንጥቋን ቀብቶ ሰጠው። ጠዋት ከደጅ ሲሸኘው ሊነግረው አስቦ፣ እንግዳ ነበረና አፈረ። ደምሴ በዚያው መንገድ ቀረ።»

አሮጊቷ ባዶውን ጨርቅ ጭናቸው ላይ አጠፉት።

«ለማንም አልተናገረም» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ። «ለአንተ ሊነግርህ ስንት ጊዜ ጀምሮ ተወው። ጋራዥህ ደጅ የሚመጣው ለዚያ ነበር፤ ስንቴ ብሎህ ይመለሳል።»

አብዱልሃሚድ ሁለቱን ቀንበሮች ጎን ለጎን ፍራሹ ላይ አኖራቸው። ሁለቱም የተሰበሩት በቀኝ በኩል፣ ከቀዳዳው አፍ ላይ ነው። ሙንተሃ ሳህን ምግብ ይዛ መጣች፤ እሱም ከአሮጊቷ ጎን ተቀምጦ፣ ሳይቀዘቅዝ በላ።